ግድግዳው እስኪደርቅ

አልጋዋ የመጣችው ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ነው። በእኛ ሕንፃ አልጋ ሲመጣ የማያውቅ ሰው የለም። የዕቃው ሊፍት ለእሷ ብቻ ይያዝና አስቤዛ የተሸከመ ሁሉ በደረጃ እያለከለከ "ማን ታመመ?" ይላል። የምንኖረው ሃያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ወሬው ከአልጋዋ ቀድሞ ደረሰ። በሩን ስከፍት ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል፤ አልጋዋ ገና መንገድ ላይ ናት።

በደብረ ብርሃን ዛሬ ሆስፒታል የሚተኛ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከምትወልድ ሴትና አደጋ ከደረሰበት ሰው በቀር ለሁሉም አልጋው ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። አልጋዋ ትመዝናለች፣ ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ ደም ትቀዳለች፣ በአፍንጫ በገባ ቀጭን ቱቦ ትመግባለች። ድምጿ በሥርዓት ያደገች የደህና ቤተሰብ ልጅ ድምፅ ነው፤ ሁሉንም ሰው "እርስዎ" ትላለች። ሕጉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያለ አስታማሚ አልጋ አይሰጥም። ያመጣትን ሰውዬ የአስታማሚ ሥራ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

"መገኘት ነው" አለኝ። "ሌላውን እሷ ትሠራዋለች።"

አስታማሚዋ እኔ ሶስና ነኝ፤ ታማሚው ባለቤቴ ኪሩቤል። የዘንድሮ ልጆች የእኛን ስም ሲሰሙ ይስቃሉ። ኪሩቤልና ናሆም የሽማግሌ ስም ሆኖ፣ የእነሱ እኩዮች ደግሞ ተመልሰው ጉልላትና ዘነበች ተብለዋል። ኪሩቤል ዕድሜውን ሙሉ ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ሊፍቶቹ ራሳቸውን መጠገን ሲጀምሩ ጡረታ አወጡት። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ያልተበላሸ ነገር እየፈታ ያበላሽብኛል።

የሐሞት ጠጠር እንዳለው ካወቅን ቆይተናል። ይውጣ ሲባል "አላስቸገረኝም" እያለ አስቀመጠው። ጠጠሯ አንድ ቀን ወርዳ የቆሽቱን መውጫ ዘጋችበት። ቆሽት ምግብ የሚፈጭበትን ጭማቂ መውጫ ሲያጣ ራሱን መፍጨት ይጀምራል አሉን። በዚህ አገር ቆሽቱ ያላረረ ሰው የለም፤ የኪሩቤል ግን የእውነት አረረ፤ ግማሹ ሞተ።

የሞተ ሥጋ ሆድ ውስጥ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ደግ ነበር። ወሩ ሊያልቅ ሲል ትኩሳቱ ተነሣ። የፎቶ ማሽኑን አምጥተው ሲያዩት በሞተው ሥጋ መካከል የአየር አረፋ ታየ፤ ኢንፌክሽን ገብቶበታል ማለት ነው። በዚያው ቀን በግራ ጎኑ በኩል ቱቦ አስገቡለት። በቱቦው የወረደውን መግል አላወራውም፤ ሽታው ግን መጋረጃው ላይ ሰንብቷል።

ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ዘነበች የምትባል ናት። ስሟን ስሰማ ልጅ እንደሆነች ገባኝ። ጂማ ሆና ነው የምታክመው፤ በእኛ ግድግዳ ላይ ፊቷ ብቻ ይመጣል። ያን ቀን ትኩሳቱ ትንሽ ሲበርድለት እንዲህ አለችኝ፤

"እትዬ ሶስና፣ ቱቦው ጊዜ ይገዛልናል። የሞተውን ሥጋ የግድ ማውጣት አለብኝ፤ ግን አሁን አልነካውም።"

"ለምን?"

"ሰውነታቸው በዙሪያው ግድግዳ እየሠራ ነው። የጭቃ ቤት ሲመረግ አይተዋል? እርጥብ እያለ ቢደገፉት ይናዳል። አሁን ከገባሁ የሞተው ከደህናው አይለይም፤ የሚደማውን ማቆም አልችልም። ሲደርቅ እገባለሁ።"

"እስከዚያስ?"

"እስከዚያ መድኃኒቱ፣ ቱቦውና ምግቡ ይያዙልን። በተለይ ምግቡ። ግድግዳውን የሚሠራው እሱ ነው።"

ይህን ለእድራችን ሊቀመንበር ለጋሽ ናሆም ማስረዳት ከሕመሙ የባሰ ነበር። የሕንፃችን እድር ድሮ የቀብር እድር ነበር። ሰው ቶሎ ቶሎ መሞት ሲተው ድንኳኑና ድስቱ ሥራ ፈታ። ጠቅላላ ጉባኤው ተቀምጦ ቀዶ ሕክምናንም በደንቡ ውስጥ አስገባ። አባል ሲቀደድ ያልተገኘ አባል ልክ ከቀብር እንደቀረ ይቀጣል። ስለዚህ ሁሉም ቀኑን ማወቅ ይፈልጋል።

"የበሰበሰ ነገር ሆድ ውስጥ አስቀምጦ ይጠበቃል እንዴ?" አለ ጋሽ ናሆም፣ ኪሩቤል አጠገብ ተቀምጦ፣ ኪሩቤል እየሰማው። "ጥርስ እንኳ ሲበሰብስ ይነቀላል። ልጅቷ ፈርታ ነው። ሌላ ሐኪም እንጠይቅ። ካስፈለገ እድሩ ይጽፋል።"

"ግድግዳው ይድረቅ ብላለች።"

"ሶስና፣ በሐምሌ ጭቃ ይደርቃል?"

ሊጠይቅ የመጣው ሰው ሁሉ ሳቀ። ኪሩቤልም ሊስቅ ሲል ጎኑን ያዘ። ከዚያ ሌላው ጠያቂ በተራው በዚሁ በሽታ የሞተ አጎቱን ታሪክ ከመጀመሪያው አንሥቶ እስከ ሰልስቱ ድረስ ተረከለት። አልጋዋ በትሕትና "የልብ ምታቸው ጨምሯል፤ ጠያቂዎች ቢያሳርፏቸው" ስትል ነው የወጡት።

ነሐሴ ገባ። ጉም ከመስኮቱ አልነሣ አለ፤ ሃያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ጎዳናውን ካየሁ ሰነበትሁ። የእኔ ቀን አልጋዋን ሲያይ ይውላል። ጠዋት "እንዴት አደረ?" እላታለሁ። "ደህና አድረዋል" ትላለች። "ምግቡስ?" እላታለሁ። "አቶ ኪሩቤል በፈቃዳቸው መሠረት እየተመገቡ ነው" ትላለች። የጨዋ ልጅ አነጋገር መስሎኝ "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ አልፋታለሁ።

ኪሩቤል ግን እየከሳ ሄደ። በመጀመሪያ ጉንጩ ጎደለ፤ ቀጥሎ የጋብቻ ቀለበቱ ወልቆ አንሶላ ውስጥ አገኘሁት። ሕመም ነው፣ ያከሳል አልኩ። አንድ ጠዋት የዶክተር ዘነበች ፊት ሳልጠራት ግድግዳው ላይ መጣ።

"እትዬ ሶስና፣ ግድግዳው ጥሩ እየያዘ ነው። ጉልበታቸው ግን እየወረደ ነው። በዚህ ዓይነት ማደንዘዣ ልሰጣቸው አልችልም፤ አይነቁልኝም። ካልገባሁ ደግሞ ኢንፌክሽኑ ይቀድመናል። ምግቡን በደንብ ይወስዳሉ?"

"አልጋዋ ናት የምትመግበው። አንቺ አታይም እንዴ?"

"እኔ ጋ የሚመጣው 'በፈቃዳቸው መሠረት' የሚል ነው። ፈቃዳቸው ምን እንደሆነ የታካሚ ምሥጢር ነው፤ ለእኔም አይነገረኝም።"

"እሱንስ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?"

"ጠይቄያቸዋለሁ። 'ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝም' አሉኝ።"

ፊቷ ሲጠፋ ወደ አልጋዋ ዞርኩ። "ፈቃዱ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ይህን ለመናገር የአቶ ኪሩቤል ፈቃድ ያስፈልጋል" አለችኝ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ።

ያን ቀን ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ተኝቷል። አልጋዋ ስትመግብ ጥዝዝ የምትል ድምፅ አላት፤ መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ ነስታኝ ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ያቺ ድምፅ አልነበረችም። ምሳ ሰዓት አለፈ፣ አሁንም የለችም። ከጎረቤት ቤት የቅዳሴው ዜማ በግድግዳው በኩል ይሰማል፤ ፍልሰታ ስለሆነ ሰው ሁሉ ከቤቱ ሆኖ ያስቀድሳል። ዜማው ሲያበቃ፣ ሰዎቹ በየቤታቸው ሳህን ማንኳኳት ሲጀምሩ፣ አልጋዋም ጥዝዝ ማለት ጀመረች።

መጀመሪያ የመሰለኝን ነገር ማመን አልፈለግሁም። ቀጥሎ ወንበሬን ወደ ራስጌው አስጠጋሁ።

"ኪሩቤል" አልኩት።

"ወይ።"

"እየጾምክ ነው እንዴ?"

ዓይኑን ሳይገልጥ "ማን ነገረሽ? እሷ ናት?" አለኝ።

"እሷማ የአንተ ወዳጅ ናት፤ ምሥጢር ጠባቂ።"

"ምግቡ ወተት አለበት" አለኝ። "ጠይቄ ነው ያወቅሁት። ወተቱ ይቅርብኝ፣ የስኳር ውሃ ብቻ ስጪኝ፣ እሱንም ቅዳሴ ሲወጣ አልኳት። 'እንደ ፈቃድዎ' አለችኝ። ሶስና፣ እኔ ፍልሰታን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ጾሜያለሁ። አንድ ቀን አስታጉዬ አላውቅም።"

አንቄ ብገድለው ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ሊሞት አንድ ሐሙስ የቀረውን ሰው አንቆ መግደል ምን ይሉታል? ቆሽት የእሱ ብቻ መሰለው እንዴ፣ የእኔም አረረ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ለነፍስ አባታችን ለመምሬ ኃይለ ሚካኤል ደወልኩ።

መምሬ በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ገና ሳይበሉ ነው የመጡት፤ ድካማቸው ያስታውቃል። ወንበሩን አስጠጉና መስቀላቸውን አሳለሙት።

"የታመመ ሰው እንዳይጾም ሥርዓት እንዳለ ታውቃለህ" አሉት።

"አውቃለሁ አባ።"

"ታዲያ ከማን በልጠህ ነው?"

"አባ፣ ጀርባዬን ሲበላኝ እሷ ታክከኛለች" አለ ኪሩቤል፣ አልጋዋን በዓይኑ እያመለከተ። "ልዙር ሳልል ታዞረኛለች። ሽንቴን እንኳ ቀድማኝ ታውቃለች። ሶስና ታለቅስልኛለች፣ ሐኪሟ ከጂማ ታስብልኛለች፣ እድሩ ይሰበሰብልኛል። እዚህ ከወደቅሁ ጀምሮ እኔ ራሴ የሠራሁት ነገር ቢኖር ይህ ጾም ብቻ ነው። እሱንም ካስተዋችሁኝ እዚህ የተኛው ማን ነው?"

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ግትርነት ብቻ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ሕይወቱን ሙሉ እጁ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

መምሬ ጢማቸውን እያሻሹ "ንስሐ ትገባለህ?" አሉት።

"ምን አጠፋሁ?"

"ሚስትህን አታለልህ። ሐኪምህን ዋሸህ። ነፍስህን ልታጠፋ ተቃረብህ። ይበቃል ወይስ ልጨምር?"

"ይበቃል አባ።"

"እንግዲያው ቀኖና እሰጥሃለሁ። ስግደት አልሰጥህም፣ አትችለውም። ጾም አልሰጥህም፣ በእሱ ተመክተሃል። ቀኖናህ መብላት ነው፤ ወተቱንም ጭምር። ቢያቅለሸልሽህም ትችለዋለህ። ደግሞም ይቺ አልጋ ዝም ብላ አትሰጥህም። በምግብ ሰዓትህ ሁሉ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በራስህ አፍ 'ስጪኝ' ትላታለህ። አንድም ጊዜ ብትረሳ ቀኖናው ከሀ ይጀመራል።"

ኪሩቤል አያቸው። የሳቀም ያለቀሰም መሰለኝ። "ከጾሙ ይከብዳል እኮ" አለ።

"ቀኖና አይደል?"

"ይፍቱኝ አባ።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ። በል ብላ።"

ወደ አልጋዋ ዞሮ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሹም ፊት እንደቆመ ሰው "ስጪኝ" አላት። "ሙሉውን ምግብ ነው አቶ ኪሩቤል?" አለችው። "ወተቱንም" አላት። ጥዝዝ ማለት ጀመረች።

እኔ ደግሞ ቢቸግረኝ "የቀረውን ጾም እኔ እጾምልሃለሁ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት" አልኩት። መምሬ ይህን እንዳልሰማ ሆነው ወጡ። ኪሩቤል ግን ሰምቷል፤ "አንቺ?" ብሎ እስኪያመው ሳቀ። ሁለት ቀን ያዝኩ። በሦስተኛው ሳላስበው ዳቦ ጎርሼ ተገኘሁ። ሲያየኝ ዋለ፣ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ከንግግሩ የባሰው እሱ ነው።

ዶክተር ዘነበችን አንድ ነገር ለመንኳት። የጎኑን ቱቦ አልጋዋ ናት የምታጥበው፤ በራሱ እጅ ቢያጥበው ይሆን ወይ አልኳት። ትንሽ አሰበችና "ድሮ ነርሶች በሲሪንጅ ያጥቡት ነበር አሉ" አለች። "እጃቸውን በደንብ ያጽዱ፣ አልጋዋ ታሳያቸዋለች፣ ቀስ ብለው ይግፉት። ክፋት የለውም።" የመጀመሪያው ቀን አያያዙን አላወቀበትም፤ ውሃው ተመልሶ ነጠላዬ ላይ ተረጨ። ነጠላዬን ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ግን ጠዋትና ማታ እጁን ታጥቦ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ውሃውን ቀስ እያደረገ ይገፋ ጀመር። ውሃው ደፍርሶ ሲወጣ "ዛሬ ብዙ አወጣሁ" ይላል። ይኩራራበታል።

ሌሊት ሌሊት በእንቅልፍ ልቤ "ስጪኝ" ሲል እሰማዋለሁ። አንዳንዴ ቃሉን ሲላት ማቅለሽለሹ ያስታውቃል፤ ያቆምና፣ ይተነፍስና፣ ይላታል። ጾሙ ተፈታ፣ ሰው ሁሉ ዶሮውን በላ፤ እሱ በአፍንጫው ያቺን ነጭ ነገር እየጠየቀ ሲቀበል ሰነበተ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ዶክተር ዘነበች ፊቷ ፈክቶ መጣች። "ጉልበት ይዘውልናል" አለች። "ከነገ ወዲያ እገባለሁ።"

ለቀዶ ሕክምናው ወደ ኮሚናሉ አወረድነው። ኮሚናሉ የሕንፃው የጋራ ቤት ነው፤ ምድር ቤት ላይ ያለ ሰፊ አዳራሽ፤ በበዓል በግ የሚታረድበት፣ ሰው ሲሞት ለቅሶ የሚቀመጡበት፣ የእድሩ ድስትና አግዳሚ ወንበር የሚቀመጥበት። በአንድ ጥግ የሆስፒታሉ ሰዎች ውስጡ የሚታይ ነጭ ድንኳን ነፍተው ተክለው ሄደዋል። ከሰው ወገን ሲስተር ቢታንያ ብቻ ናት ያለችው። ሌላው ሁሉ ክንድ ነው፤ ጂማ ያለችው ዶክተር ስታዝዘው የሚንቀሳቀስ ክንድ።

ከዋዜማው ጀምሮ አልጋዋ ምግቡን ዘግታበታለች። "አቶ ኪሩቤል፣ እስከ ቀዶ ሕክምናው ድረስ ምንም አይወስዱም" ስትለው፣ ኪሩቤል ወደ እኔ ዞሮ "አየሽ፣ አሁን ገና ሃይማኖት ገባት" አለኝ። ወደ ድንኳኑ ሲያስገቡት እጄን ይዞ ነበር። እጁ ሞቆ ነበር፤ ጠንካራም ነበር። ልቀቂኝ እስኪለኝ አልለቀቅሁትም።

እድርተኛው በሙሉ መጥቷል። ማንም ሳያዛቸው ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል በአግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ጋሽ ናሆም ስም ጠራ። በዚያ አዳራሽ ሌላ አቀማመጥ አናውቅም። ከእኛ በታች የምትኖረው ሜላት ትልቅ ድስት ተሸክማ ገብታ ክዳኑን ስታነሣ ንፍሮ ነው። ሁሉም ድስቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ሜላት ክዳኑን መልሳ ከደነችው።

"ልማድ ሆኖብኝ ነው" አለች፣ ፊቷ ቀልቶ። "ሰው ሲሰበሰብ እጄ ራሱ ስንዴ ይቀቅላል። አፈር ልብላ፣ ሶስና።"

"አስቀምጪው" አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? ንፍሮው ግን በክዳኑ ሥር ይሸታል፤ የሽታው ትርጉም ደግሞ ለሁላችንም አንድ ነው።

ከድንኳኑ ውጪ ያለው መስታወት ላይ ክንዱ የሚያየውን እናያለን። ቱቦው በገባባት መንገድ፣ ከስንዝር ባነሰች ቀዳዳ፣ ክንዱ በጎኑ በኩል ገባ። ውስጡ ጨለማ ነው። ከዚያ ብርሃኑ ያረፈበት ነገር ግራጫ ሆነ፣ የዘፈዘፉት ካርቶን የመሰለ። ዶክተር ዘነበች በቀስታ እየቆነጠረች ታወጣዋለች።

"የሚመጣልኝን ብቻ ነው የማወጣው" አለች፣ ድምጿ ከጂማ። "እምቢ ያለውን አልታገለውም። ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይመጣል።"

አንድ ጊዜ መስታወቱ በቀይ ተሸፈነ። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ትንፋሹን ሳበ። ሲስተር ቢታንያ የደም ከረጢት አነሣች። ክንዱ ቆመ፤ የሆነ ነገር ተጭኖ ዝም ብሎ ቆመ። "ሶስና፣ በርቺ" የሚል ድምፅ ከሴቶቹ በኩል መጣ። ጋሽ ናሆም ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ። ቀዩ ቀስ እያለ ጠራ።

"ትንሽ ሥር ናት፣ ቆማለች" አለች ዶክተሯ። ከዚያ ለእኔ ብላ፣ "እትዬ ሶስና፣ ግድግዳው ይዟል። ከኋላው ሮዝ የሆነውን አዩት? እሱ ደህናው ነው። የቀረው ቆሽት ይሠራል።"

በዚያ አዳራሽ ደግ ወሬ ሰምተን አናውቅምና ምን እንደሚደረግ ማንም አላወቀም። አንዲት ሴት ከልማድ የተነሣ ማልቀስ ጀመረች፤ ሌላዋ ጎኗን ጎሰመቻት። ጋሽ ናሆም ተነሥቶ ቆመ፣ የሚናገረው ሲያጣ ተቀመጠ። እኔ ግን አለቀስኩ፣ ማንም ሳይጎስመኝ። በመጨረሻ ሁሉም ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰ ትዝ አለውና ሜላት ድስቱን ከፈተች። ንፍሮው በየእጁ ታደለ።

ኪሩቤልን ከድንኳኑ ሲያወጡት እኔም እያኘክሁ ነበር። ዓይኑን ቀስ ብሎ ገለጠ። ጣሪያውን አየ። ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አግዳሚዎቹን፣ ነጠላ የለበሱትን ሴቶች፣ በሌላ በኩል የተደረደሩትን ወንዶች፣ በየመዳፉ ያለውን ንፍሮ አየ። አፉ ደርቋል፤ ጎንበስ አልኩለት።

"ማን ሞተ?" አለኝ።

"ማንም አልሞተም" አልኩት።

"ታዲያ ንፍሮው?"

"ሰዉ ርቦት ነው።"

ይህን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። እንደገና አያቸው፤ አንድ በአንድ፣ የሚያኝኩትን ሁሉ። እኔም ፊቱን አየሁ። ካመመው ጊዜ ጀምሮ አይቼው የማላውቀውን ነገር ፊቱ ላይ አየሁ፤ ምራቁን ዋጠ።

"ለእኔም አስተርፉልኝ" አለ።